በሬው አይሸጥ፦ የቤተሰብ አቅምና የተመራቂ ሥራ

ጥያቄ፦ «የለጋምቦ ልጅ ነኝ። አምና ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግና ፋይናንስ በ3.42 ተመረቅሁ፤ የመውጫ ፈተናውንም አልፌአለሁ። አንድ ዶርም የኖርን የደሴ ልጅ በ2.87 ተመርቃ በሦስተኛው ወር ባንክ ገባች። አባቷ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው። እኔ አቀስታ አጠገብ ቤተሰቦቼ ጋ ቁጭ ካልኩ አስራ አንድ ወር ሆነኝ። የገበሬ ልጅ ዲግሪ ዋጋ የለውም ማለት ነው? አባቴ አንዱን በሬ በ70 ሺህ ብር ሸጬ ማስተርስ በግል ኮሌጅ ላስተምርሽ ይላል። እሺ ልበለው?»

ምላሽ፦

እሺ አትበያቸው። በሬው አይሸጥ፤ ማስተርሱም ቢያንስ ሁለት ዓመት ይቆይ። ይህን የምለው ዲግሪሽ ዋጋ ስለሌለው ሳይሆን፣ የጎደለሽ ነገር ሁለተኛ ዲግሪ ስላልሆነ ነው። የጎደለው ተለይቶ ካልታወቀ ገንዘቡ ይወጣል፣ ጉድለቱ ግን እዚያው ይቀመጣል።

የቤተሰብ አቅም ከምረቃ በኋላም ልጅን ይከተላል። ይህ የወሎ ብቻ ጣጣ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች የ260 ሺህ ያህል ተማሪዎችን የታክስና የትምህርት ብድር መዝገብ መርምረው በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓይነት ትምህርት ተምረው ከወጡት መካከል እንኳ ከሀብታም ቤት የመጡት ከሌሎቹ በ10 በመቶ ገደማ የበለጠ ደመወዝ ያገኙ ነበር። ስለዚህ «ከተመረቁ ወዲያ ሁሉም እኩል ነው» የሚልሽን ሰው አትስሚው። ግን የዚያኑ ጥናት ሌላውን ገጽ ደግሞ እይው፦ የተማሩበት ቦታና የትምህርቱ ዓይነት ሳይለይ ሀብታምና ድሃ በጅምላ ሲነጻጸሩ ልዩነቱ ከዚህ እጅግ ይሰፋ ነበር። አንድ ቦታ አንድ ትምህርት መማር ልዩነቱን ባያጠፋውም ብዙውን ያጠበዋል።

እኛ አገር ደግሞ ጠባቡ ወንፊት ያለው ከዩኒቨርሲቲ በፊት ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በተከታዩ ዓመት 3.2። ያንቺ ባች ከዚያ በፊት ቢፈተንም፣ የገጠር ትምህርት ቤት ልጅ ቤተ ሙከራ ሳያይ፣ አስጠኚ ሳይቀጠርለት ምን አልፎ እንደሚመጣ ይታወቃል። ያንን አልፈሽ፣ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ በዘለቀበት ዘመን ተምረሽ ያመጣሽው 3.42 ትንሽ ነገር አይደለም። የገበሬ ልጅ ዲግሪ ዋጋው ያው ነው፤ ወደ ገንዘብ የሚለወጥበት መንገድ ግን ይረዝማል።

የዶርም ጓደኛሽን ነገር በጥንቃቄ እንየው። አባቷ ስልክ ደውለው ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለ ነገር የለም ብዬ አልዋሽሽም። ነገር ግን ስልኩን ባያነሱትም ቀድማሽ የመግባት ዕድሏ ሰፊ ነበር። አባት ለልጁ የሚያወርሰው ዘመድ ብቻ አይደለም። የሥራ ወሬ ያወርሳል፤ ያለ ደመወዝ መጠበቂያ ጊዜ ያወርሳል፤ ዋስ ያወርሳል፤ አነጋገር ያወርሳል። «ሁሉ ነገር በዘመድ ነው» ብሎ የደመደመ ሰው እነዚህን አራቱን አያያቸውም፤ ስላላያቸውም ሊተካቸው አይሞክርም። የሚያሳዝነው ደግሞ አራቱም ቢያንስ በከፊል የሚተኩ መሆናቸው ነው።

ወሬውን እናስቀድም። ደሴ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ የተለጠፈ የቅጥር ማስታወቂያ ቆመሽ ብታነቢ መጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 5 ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ በመያዝ በአካል ቀርባችሁ እንድትመዘገቡ»። ሰኞ ተለጠፈ እንበል። የደሴዋ ልጅ ማክሰኞ ወደ ፒያሳ ስትወጣ ታየዋለች፤ ረቡዕ ተመዝግባ ለምሳ እናቷ ቤት ትገባለች። አንቺ ጋ ወሬው የሚደርሰው ሐሙስ ማታ በቴሌግራም ነው፤ ያውም ኔትወርክ ካለ። ዓርብ ማለዳ ከአቀስታ ተሳፍረሽ ደሴ ስትደርሺ ቀኑ ተጋምሷል። ፎቶ ኮፒ ቤት ተሰልፈሽ፣ «ስቱደንት ኮፒው ይቀራል» ተብለሽ ተመልሰሽ እስክትመጪ የመዝገቡ ክፍል ተቆልፏል። መንገድ የተዘጋበት ሳምንት ከሆነማ ጭራሽ የለሽበትም። ውጤትሽን አይቶ የጣለሽ ሰው የለም፤ ያየውም የለም። አስራ አንዱን ወር የጠበቅሽው ሥራ ከማይወጣበት ቦታ ሆነሽ ነው።

ይህ ጉዳይ በአገራችን በሙከራ ተፈትሿል። አዲስ አበባ ላይ ከመሀል ከተማ ርቀው ለሚኖሩ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች የትራንስፖርት ገንዘብ ሲሰጣቸው፣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ዘንድ ደጋግመው ደረሱ፤ ቋሚ ሥራ የማግኘት ዕድላቸውም ከፍ አለ። በሌላ ሙከራ ለቢሮ ሥራ ያመለከተ ሰው ሁሉ ለወጪው የምትሆን መጠነኛ ገንዘብ እንደሚያገኝ ሲነገር፣ የአመልካቾቹ ችሎታ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ በዚህ በይበልጥ የተሳቡት ሴቶች፣ ሥራ የሌላቸውና ልምድ ያልነበራቸው ናቸው። ጎበዞቹ ድሮም ነበሩ፤ የታክሲና የፎቶ ኮፒ ገንዘብ ነው ያስቀራቸው። ለአንቺ ከሁሉ የሚጠቅምሽ ግን ሦስተኛው ነው። እዚያው አዲስ አበባ አንዱ ቡድን የትራንስፖርት ገንዘብ ተሰጠው፤ ሌላው ቡድን ሲቪ አዘገጃጀትና ቃለ መጠይቅ ተለማምዶ፣ የችሎታ ፈተና ተፈትኖ ውጤቱን የሚያሳይ ምስክር ወረቀት ያዘ። ከአራት ዓመት በኋላ ሲታዩ የትራንስፖርቱ ጥቅም ጠፍቶ ነበር፤ የሁለተኛው ቡድን ልጆች ገቢ ግን ዕድሉን ካላገኙት በ20 በመቶ ገደማ ይበልጥ ነበር። የመኪና ገንዘብ በሩ ድረስ ያደርስሻል፤ ከበሩ ወዲያ የሚከፍለው የምትችዪውን ነገር ለማያውቅሽ ሰው ማሳየት መቻልሽ ነው።

እዚህ ላይ የአነጋገር ነገር ይነሳል፤ በእኔ ግምት ከአራቱ ዝቅ ተደርጎ የሚታየው ይህ ነው። ገጠር ያደገ ጨዋ ልጅ ትልቅ ሰው ፊት ዓይኑን ይሰብራል፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ስለ ራሱ አያወራም። ቃለ መጠይቅ ላይ ይኸው ጨዋነት «በራሷ አትተማመንም» ተብሎ ይመዘገባል። የደሴዋ ልጅ አባቷ እራት ላይ ስለ ቢሮ ሲያወሩ እየሰማች ነው ያደገችው፤ «ስለ ራስሽ ንገሪን» የሚለው ጥያቄ ስለ ትውልድ ቀበሌዋ ሳይሆን ስለምትሠራው ሥራ እንደሆነ ማንም ሳያስተምራት ታውቃለች። ይህ ባህርይ አይደለም፣ ልምምድ ነው። ለዚያ ጥያቄ አንድ ደቂቃ ተኩል የሚሆን መልስ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፊ፦ ምን ተማርሽ፣ የት ተለማመድሽ፣ ዛሬ ቢቀጥሩሽ በመጀመሪያው ሳምንት ምን ሠርተሽ ታስረክቢያለሽ። በስልክሽ ቅጂውና አዳምጪው፤ ሃያ ጊዜ። «ስንት ደመወዝ ትጠብቂያለሽ?» ሲሉሽ «የሰጣችሁኝን» አትበይ። የድርጅቱን የጀማሪ ስኬል ጠይቀሽ፣ ቀድመሽ ያጣራሽውን የአካባቢውን ክፍያ መነሻ አድርገሽ ቁጥር ተናገሪ። በመጀመሪያ ደመወዝ ላይ የተጣለ አንድ ሺህ ብር ቀጣዩም ጭማሪ በዚያው ላይ ስለሚሰላ ለዓመታት ይከተላል።

ዋስ ሌላው ግድግዳ ነው። ገንዘብና ንብረት የሚያዝባቸው ሥራዎች፣ ባንኮችም ጭምር፣ ፈተናውን ካለፍሽ በኋላ ቋሚ ሥራና ደመወዝ ያለው ዋስ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ጋር አምጪ ይሉሻል። የኃላፊ ልጅ ይህን በአንድ ከሰዓት ትጨርሰዋለች። የገበሬ ልጅ ግን አባቷ ሀብት ቢኖራቸውም ደመወዝተኛ አይደሉምና ዕድሉ በእጇ ገብቶ የሚያመልጣት እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ዋስሽን ቅጥሩ ሳይመጣ ፈልጊ፤ የሁለተኛ ደረጃ መምህርሽ፣ ወረዳው ላይ የሚሠራ የአጎት ልጅ፣ በጤና ጣቢያ ያለች ጎረቤት። ስትጠይቂም እውነቱን ንገሪያቸው፦ ዋስትና ማለት ጉድለት ቢመጣ ከኪስ የሚያስከፍል ግዴታ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 ዋስ የሚሆነው ሰው የሚጠየቅበት ከፍተኛ ገንዘብ ተለይቶ እንዲጻፍ ይጠይቃል፤ መጠኑ ባልተጻፈበት ወረቀት ላይ ማንንም አታስፈርሚ። ገንዘብ ክፈዪኝና ዋስ እሆንሻለሁ የሚል የማታውቂው ሰው ከመጣ ራቂው፤ ወረቀቱ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ።

አሁን ወደ ዘመድ ልመለስ፤ ዘመድ የለኝም ስትዪ ሰው የለኝም ማለትሽ ከሆነ ተሳስተሻልና። ማርክ ግራኖቬተር የተባለ አሜሪካዊ የማኅበራዊ ሳይንስ ሊቅ ባለሙያዎች ሥራቸውን እንዴት እንዳገኙ አጥንቶ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ባወጣው ሥራ ከግማሽ የሚበልጡት፣ 56 በመቶ ገደማ፣ በሚያውቁት ሰው በኩል እንዳገኙት አሳየ። ከእነዚህ ውስጥ መረጃውን የሰጣቸውን ሰው አዘውትረው ያገኙት የነበሩት 16.7 በመቶ ብቻ ናቸው። የቀሩት በየጊዜው ወይም ከስንት አንዴ የሚያዩት ሰው ነው የጠቆማቸው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የቅርብ ሰው የሚያውቀው አንቺ የምታውቂውን ነው። ከሩቅ የሚያውቅሽ ሰው ነው አንቺ የማትደርሺበት ቦታ የሚውለው። ወረቀት አውጪና ሠላሳ ስም ጻፊ፦ ካንቺ በፊት የተመረቁ፣ የኢንተርንሺፕ ኃላፊሽ፣ ጥናታዊ ጽሑፍሽን ያማከረሽ መምህር፣ አባትሽ እህል የሚሸጡለት ነጋዴ። አባትሽም በቅሬያቸው (በዕድራቸው) «ልጄ ሂሳብ ተምራለች፣ ኮምቦልቻ ሥራ ትፈልጋለች» ብለው ይናገሩ፤ ልጁ ወይም አማቹ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ያለ ሰው ከቅሬው አይጠፋም። መልእክትሽ አጭርና የሚመለስ ይሁን፦ «ጋሼ፣ በ2016 ክረምት እናንተ ጋ ኢንተርንሺፕ የወጣሁት የአካውንቲንግ ተማሪ ነኝ። በ3.42 ተመርቄአለሁ፣ በፒችትሪ የሂሳብ ሶፍትዌር እሠራለሁ። ከሐምሌ 1 ጀምሮ ኮምቦልቻ እቀመጣለሁ። ለሂሳብ መዝጊያ የሰው እጅ የሚፈልግ ድርጅት ቢያውቁ ይጠቁሙኝ።» «ሥራ ካለ አስገቡኝ» ከተባለ ሰው ይሸሻል፤ «የሚያውቁት ካለ ይጠቁሙኝ» ሲባል ግን ለመመለስ አይከብድም።

መጠበቂያ ጊዜ ከአራቱ ለመተካት የሚከብደው ነው፤ ከደመወዝ በኋላም አይለቅም። ዘንድሮ በ2018 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የመንግሥት ስኬል የመጀመሪያ ዲግሪ ጀማሪ ደመወዝ 11,500 ብር ነው። ከዚህ ላይ የሥራ ግብር 2,100፣ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ 805፣ ኮስት ሼሪንግ በ10 በመቶ 1,150 ሲነሳ እጅ የሚገባው 7,445 ብር ነው። ያቺ ልጅና አንቺ እኩል 7,445 ብር ብትቀበሉ እሷ የቤት ኪራይ የለባትም፤ ኮስት ሼሪንጉን ቤተሰቧ በአንዴ ከከፈሉላት ደግሞ 1,150ው ይቀርላታል፣ ዋናው ዲግሪዋም ቶሎ እጇ ይገባል፤ ዕዳው ካልተዘጋ አይሰጥምና። አንቺ ኪራይ ትከፍያለሽ፣ ለታናናሾችሽ ደብተር ትልኪያለሽ። በዓመቱ መጨረሻ እሷ የተሻለ ሥራ ስታይ ለቅቃ ለመሞከር የሚያስችል ጥሪት አላት። አንቺ ግን አንድ ወር ያለ ደመወዝ መቀመጥ ስለማትችዪ የመጀመሪያውን ሥራ አትለቂውም። ተመሳሳይ ደመወዝ ይዘው የጀመሩ ሁለት ልጆች በአምስተኛው ዓመት የሚራራቁት ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው። መከላከያው አንድ ነው፦ ለቤተሰብ የምትልኪውን ከመጀመሪያው ደመወዝ በፊት በቁጥር ተስማሙ፣ ለራስሽም የሦስት ወር ቀለብ እስክታጠራቅሚ ቁጥሩ አይጨመር። ቤተሰብን መካድ መስሎ እንዳይሰማሽ፤ ከላይ ያለውን ሂሳብ ቁጭ ብለሽ ለአባትሽ ብታስረጂያቸው ይገባቸዋል። (ይህን የደመወዝ ስሌት በእጅሽ መሥራት ተለማመጂ፤ የሂሳብ ሠራተኛ ሲቀጠር በተግባር ፈተና የሚጠየቀው ይኸው ነው።)

ማስተርሱ ለምን ዘንድሮ አይሆንም? የቅጥር ማስታወቂያ ሲያወጡ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚጠይቁት አብዛኛውን ጊዜ ከዓመታት የሥራ ልምድ ጋር ነው። በዜሮ ዓመት የሚወጣው ቦታ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ይበቃዋል፤ አንዳንድ ቀጣሪም ማስተርስ ያላትን «ነገ ትሄዳለች» ብሎ ያልፋታል። በመንግሥት መሥሪያ ቤትም ደመወዝ የሚከፈለው በያዝሽው የሥራ መደብ እንጂ በወረቀትሽ ቁጥር አይደለም። ያልታወቀሽ ወሬ፣ ያላገኘሽው ዋስ፣ ያልተለማመድሽው ቃለ መጠይቅ ከሁለት ዓመት በኋላም ያው ናቸው። በዚያ ላይ ለሁለተኛ ዲግሪ አገር አቀፉን የመግቢያ ፈተና ማለፍ ግድ ነው፤ ኮሌጁም በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ለዚያ ፕሮግራምና ለዚያ ካምፓስ እውቅና ያለው መሆን አለበት። እውቅናው ለሌላ ካምፓስ ተሰጥቶ እዚህ የሚያስተምር ካለ ወረቀቱ ዋጋ አይኖረውም።

በሬው ደግሞ ገንዘብ ብቻ አይደለም፣ የአባትሽ የሥራ መሣሪያ ነው። ጥንዱ ሲጎድል ከሌላ ባለ አንድ በሬ ገበሬ ጋር መቀናጆ ይገባሉ፤ የመቀናጆ በሬ ሁለት ማሳ ስለሚጠብቀው አንዱ ገበሬ ሁልጊዜ ይዘገያል። በእናንተ የበልግ አገር ዝናቡ ጥሎ መሬቱ ሲረጥብ ሳይታረስ ያለፈ ሳምንት በምርት ላይ ይታያል። ምርቱ ሲያንስ መጀመሪያ የሚጠበቀው ያንቺ ደመወዝ ነው። በሬውን መሸጥ ማለት ገና ያልተቀጠርሽበትን ደመወዝ ዛሬ መበደር ማለት ነው።

ይልቅ የበግ አገር ልጅ ነሽና ሁለት ሦስት ሙክት ይሸጥ። የሚያስፈልግሽ 24 ሺህ ብር ገደማ ነው፤ ለአራት ወር በወር 6 ሺህ። ቤት ከሌሎች ሴት ልጆች ጋር ደባል ሆነሽ ተከራዪ፤ ሽሮ፣ በርበሬና በሶ ከቤት ይሂድ። ቦታው ኮምቦልቻ ይሁን። ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ማስታወቂያ ለማየት የሐረጎን ዳገት በሳምንት ሁለቴ ወጥተሽ ትመለሻለሽ። ሥራው ግን ወደ ኮምቦልቻ ያደላል፤ የጨርቃ ጨርቁ፣ የቢራው፣ የብረታ ብረቱና የዱቄቱ ፋብሪካ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክም እዚያ ነው። ጊዜው ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ይሁን። ይህ ቀን በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም፦ የሂሳብ መዝገብ የሚይዙ የደረጃ ሀ ግብር ከፋዮች የዓመቱን ሂሳብ ዘግተው የሚያሳውቁት በእነዚህ አራት ወራት ውስጥ ነው። የሂሳብ ባለሙያዎች ቢሮና ትላልቅ ነጋዴዎች በዓመቱ ውስጥ ከሁሉም ጊዜ በላይ የሰው እጅ የሚያጥራቸው ያኔ ነው። መስከረም ላይ አንድ ካርቶን ደረሰኝ በቀን ለይታ፣ ከባንክ መግለጫው ጋር አስታርቃ፣ ኤክሴል ላይ አስፍራ የምታስረክብ ልጅ «የማን ልጅ ነሽ?» አትባልም።

ከመሄድሽ በፊት ባለው አንድ ወር ፒችትሪ ተማሪ፤ ምስክር ወረቀቱ ሳይሆን አንድ ድርጅት ከመነሻው እስከ ወር መዝጊያ መመዝገብ መቻልሽ ነው ቁም ነገሩ። የደመወዝ መክፈያ ሰነድ፣ የባንክ ማስታረቂያ፣ የ15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ማሳወቂያና ቢን ካርድ (የዕቃ መቆጣጠሪያ ካርድ) በናሙና ቁጥር ሠርተሽ በአንድ ፋይል ያዢ፤ ከሲቪሽ ጋር እሱን አሳዪ። ጊዜያዊ ዲግሪሽን፣ ስቱደንት ኮፒሽን፣ የፋይዳ መታወቂያሽን አስር አስር ኮፒ አድርገሽ ሂጂ፤ ዋናውን ለማንም ጥለሽ እንዳትወጪ። በሳምንት ቢያንስ አምስት ማመልከቻ አስገቢ፣ ከሠላሳው ስም ሦስቱን አነጋግሪ፤ በደብተር ላይ ቀኑን፣ የሰውየውን ስምና ያሉሽን ጻፊ። በሁለት ሳምንቱ ሳትሰለቺ ተመልሰሽ ጠይቂ። ብዙ ልጆች አንዴ አስገብተው ስልክ ይጠብቃሉ፤ ፋይሉ ከሌላ ፋይል ሥር ተቀብሮ ይቀራል።

የሚቀጥርሽ ሰው ትንሽ ድርጅት ቢሆን እንኳ ሁለት ነገር በጽሑፍ ያዢ። አንዱ የቅጥር ውል ነው፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ሌላው፣ ከደመወዝሽ ላይ የሥራ ግብር ተቆርጦ የሚገባ መሆኑ ነው። ነገ በመንግሥት ወይም በትልቅ ድርጅት ስትወዳደሪ ከግል ድርጅት የመጣ የሥራ ልምድ ግብር የተከፈለበት መሆኑ ይጠየቃል፤ ግብር ሳይቆረጥ በእጅ በእጅ የተሠራ ሁለት ዓመት በወረቀት ላይ ዜሮ ሆኖ የቀረባቸው ብዙ ናቸው። ካዝና የሚያስይዝሽ ቦታ ከሆነ ቆጥረሽ ፈርመሽ ተረከቢ፣ ቆጥረሽ አስፈርመሽ አስረክቢ፤ አንድም ቀን አይለፍሽ። «ይህን ያህል ክፈዪና ሥራ አስገባሻለሁ» ለሚል ሰው አንዲት ብር አትስጪ።

ይህ ሁሉ የማይደርስበት ቦታ አለ። አንዳንዱ ወንበር ማስታወቂያው ሳይለጠፍ ባለቤቱ ይታወቃል፤ እዚያ ስትወድቂ ጥፋቱን ወደ ራስሽ አትውሰጂ፣ ደብተርሽ ላይ ሠርዘሽ እለፊ። የአካባቢው ፋብሪካዎችም በ2014ቱ ጦርነት ከደረሰባቸው ዘረፋ ወዲህ የሚቀጥሩት እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል፤ መንገድ ሲዘጋ ጥሬ ዕቃ ይቆማል፣ ቅጥርም አብሮ። ስለዚህ 24 ሺሁ ጣሪያ ነው። ጥቅምት 30 ሲደርስ በሙያሽ ቋሚ ሥራ ካላገኘሽ ተጨማሪ ሙክት አይሸጥም፤ የዕቃ ግምጃ ቤት፣ የገንዘብ ተቀባይነት ወይም የመረጃ ምዝገባ ሥራ ደመወዙ ቢያንስም ግብር የሚቆረጥበት እስከሆነ ድረስ ያዢና እዚያው ሆነሽ መፈለግሽን ቀጥዪ። ሥራ ላይ ያለች ልጅ ስታመለክት የሚያያት ዓይን ቤት ከተቀመጠችው ይለያል። አዲስ አበባን የምትሞክሪውም ይህን የመጀመሪያ የልምድ ደብዳቤ ይዘሽ፣ የሚያስጠጋሽ ሰው ተገኝቶ ሲሆን ነው።

ማስተርሱን በ2020 ዓ.ም. መልሰሽ አንሺው፤ ያኔ የሁለት ዓመት ልምድ ይኖርሻል፣ በቅዳሜና እሑድ ፕሮግራም ከደመወዝሽ እየከፈልሽ በምትሠሪበት መስክ ትማሪያለሽ። አሁን ግን ገና ሰኔ ሳይገባ ከአባትሽ ጋር ተቀምጣችሁ ስንት ሙክት እንደሚሸጥ፣ ከየትኛው ገበያ እንደሚሻል፣ ከመጀመሪያ ደመወዝሽም በወር ስንት እንደምትልኪ ቁጥሩን ቁረጡ፤ ለዋስ የምትጠይቂያቸውንም ሰው አባትሽ ራሳቸው ቤቱ ድረስ ሄደው ያነጋግሩት።